የአባቴ ሃይሉክስ፣ የኤልኢዲ ባሩ እና የጣርማ በር ጉም

ሐምሌ 6 ቀን 2011፣ ቅዳሜ

ገዛሁት። ሶማሌ ተራ ሦስት ሱቅ ከዞርኩ በኋላ ባለ 20 ኢንች ኤልኢዲ ባር (መኪና ላይ የሚታሰር ረዘም ያለ ተጨማሪ መብራት)፣ ከሁለት እግሩና ከቡሎኖቹ ጋር፣ በ1,900 ብር። ሻጩ ከ2,400 ነው የጀመረው። «ሌሊቱን ቀን ያደርግልሃል» አለኝ። ካርቶኑ ላይ «120 ዋት» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል፤ እስክለካው ድረስ አላምነውም።

መኪናዋን ለማያውቃት፦ በፈረንጆቹ 1994 የተሠራች ደብል ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ ናት። ሞተሯ 3ኤል የሚባለው ባለ 2.8 ሊትር ናፍጣ ነው። የገዛት አባቴ ነው፤ እሱ ሲያርፍ ወደ እኔ መጣች። ኮምፒውተር የላትም። የሚበላሽባት ነገር ሁሉ በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚዳሰስ ነው፤ እኔን የሚያስደስተኝም ይኸው ነው። አመል ግን አላት። ፍሬቻ ሳበራ የዳሽቦርዱ መብራት አብሮ ይርገበገባል። ማታ ፍሬን ስረግጥ ዳሽቦርዱ ደብዘዝ ይላል። አባቴ «አትነካኳት፣ ለምዳዋለች» ይል ነበር፤ እኔም አልነካካኋትም።

ባሩን ያስገዛኝ ጣርማ በር ነው። ከደብረ ብርሃን ድንች ጭኜ ወደ ሸዋ ሮቢት የምወርደው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው፣ ገበያው ሳይሞቅ ለመድረስ። በክረምት ጣርማ በር ላይ፣ መንገዱ ከሚያልፍበት ዋሻ ወዲህም ወዲያም ጉሙ አስፋልቱ ላይ ይተኛል። የፊት መብራቶቿ ደግሞ ከኩራዝ ብዙም አይሻሉም። ባለፈው ሳምንት የመንገዱን ዳር ይዘው አህያ የሚነዱ ሰዎችን ያየኋቸው አጠገባቸው ከደረስኩ በኋላ ነው። በደህና አለፍን፣ ተመስገን። ቤት እስክደርስ ግን እጄ መንቀጥቀጡን አልተወም።

ሐምሌ 7፣ እሑድ

ሥላሴ ስለሆነ መኪናዋን አልነካሁም። አመሻሽ ላይ ግን ልጄ «አባዬ፣ እንዴት እንደሚበራ እንየው እንጂ» ብላ አላስቀመጠችኝም። ባሩን በሁለት ገመድ ከባትሪው ጋር አገናኘሁት። የጎረቤታችን ግንብ እንደ ቀትር በራ፤ ውሻቸው ጮኸ።

የኤሌክትሪክ መለኪያዬን መሀል አስገብቼ ሳየው 4.6 አምፔር ነው የሚስበው። ባትሪው ሞተር ሳይነሳ 12.5 ቮልት ላይ ነበር። ሁለቱ ሲባዙ 58 ዋት ገደማ ይሆናል፤ ከተጻፈለት ግማሹ መሆኑ ነው። አልገረመኝም። በርካሽ ባሮች ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ የአምፖሎቹ የጣሪያ አቅም ተደምሮ ነው እንጂ በትክክል የሚበሉት አይደለም። ለእኔ ደግሞ ማነሱ ጥቅም አለው፤ ዲናሞዬ አሮጌ ነው።

ቀጥሎ ባልዲ። ካርቶኑ «አይፒ67» ይላል፤ ይህ ማለት አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ውሃ አያስገባም ማለት ነው። እኔ የነከርኩት አብርቼ ካሞቅኩት በኋላ ነው። ሊጠፋ የሚችለውን ገንዘብ እያሰብኩ ነበር፤ ግን መንገድ ላይም የሚገጥመው ይኸው ነው፣ በጋለ አካል ላይ ቀዝቃዛ ዝናብ። ባሩ ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ይነፋል፣ ባገኘው ቀዳዳ ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ በዚያው ቀዳዳ ውሃውን ወደ ውስጥ ይስባል። ከግራ በኩል ካለው ክዳን አረፋ በተከታታይ ወጣ። ቶሎ አውጥቼ አደረቅሁት፤ ሁለቱንም ክዳኖች ፈትቼ በሲሊኮን መልሼ አሸግኳቸው። እስከ ረቡዕ ይድረቅ።

ሐምሌ 10፣ ረቡዕ

ዛሬ የተሠራው ነገር ክርክር ብቻ ነው። ሠፈር ውስጥ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ባሩ የሚቀመጥበትን ቦታ ያውቃል።

አብዛኛው የሚለው ጣሪያ ላይ፣ ፖርቶመጋላው ፊት ነው። ከሩቅ ሲታይ ያምራል፣ እውነት ነው። ሞከርኩት፤ በገመድ አስሬ፣ ማታ ሰው ከሌለበት ሜዳ ሄጄ። የኔ መኪና ኮፋኖ ነጭ ነው። ብርሃኑ ከላይ ወርዶ ኮፋኖው ላይ ሲያርፍ ተመልሶ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፤ ዓይን ደግሞ ቅርብ ያለውን ነጭ ነገር ሲለምድ ሩቁን ያጣል። ከዚያ በላይ ደግሞ የነፋሱ ፉጨት አለ። ጣሪያው ቀረ።

ሁለተኛው ሐሳብ ግሪሉ ፊት ነበር። እሱን ወዲያው ነው የጣልኩት። ከደብረ ሲና ወደ ላይ ስትወጣ ራዲያተሯ ያለ የሌለ ነፋስ ይፈልጋል፤ ፊቱ ላይ ግማሽ ሜትር ብረት ላቆምበት አልችልም። ስለዚህ ፓራውልቱ (የፊት መከላከያው ብረት) ላይ፣ ከግሪሉ ዝቅ ብሎ፣ ከታርጋው ከፍ ብሎ።

ሐምሌ 13፣ ቅዳሜ

ሁለት አጭር አንግል ብረት ፓራውልቱ ጀርባ ላይ አስበየድኩ። ከብየዳው በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታሁ። በያጁ «ለዚህ ለትንሿ?» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። የብየዳ ጅረት የዲናሞ ዳዮድ ሲያቃጥል አይቻለሁ፤ ያኔም የሚስቅ ሰው ነበር። ብረቱን አንቲረስት ሁለት ጊዜ ቀባሁ፣ በትራፓኖ በሳሁ፣ ባሩን አስቀመጥኩ። ተስተካክሎ ተቀምጧል።

ሐምሌ 14፣ እሑድ ከሰዓት

ዋናው ሥራ ገመዱ ነው። መጀመሪያ የሄድኩበት ሱቅ የቤት መስመር የሚዘረጋበትን ባለ 2.5 ስኩዌር (ካሬ ሚሊሜትር) ገመድ ሊሸጥልኝ ነበር። መዳቡ ያው መዳብ ነው፤ ግን ውስጡ አንድ ወፍራም ሽቦ ነው። ግድግዳ ውስጥ ሃምሳ ዓመት ይኖራል፣ መኪና ላይ ግን በንዝረት ተጣጥፎ አንድ ቀን ይሰበራል፤ የሚሰበረውም ከሽፋኑ ሥር ስለሆነ አይታይም። በብዙ ቀጫጭን ሽቦ የተገመደውን ለስላሳውን ነው የሚያስፈልገው። 2.5 ስኩዌር ወሰድኩ፣ አሥር ሜትር።

አቀማመጡ፦ ከባትሪው ፖዘቲቭ አንድ ስንዝር ሳይርቅ ባለ 10 አምፔር ፊውዝ። ከፊውዙ ወደ ሪሌው (በትንሽ ጅረት ተቀስቅሶ ትልቁን ጅረት የሚያገናኝ ማብሪያ ነው) 30 ቁጥር እግር። ከ87 ወደ ባሩ። 85 እና 86 ሪሌውን የሚቀሰቅሱት ሁለቱ ትናንሽ እግሮች ናቸው፤ እነሱን ለቀጭን ገመድ ተውኳቸው። የባሩን ኔጌቲቭ ፓራውልቱን በያዘው ቡሎን አሰርኩት።

ፊውዙን ለምን ባትሪው ጉያ አደረግክ ያለኝ ሰው ነበር፤ ከባሩ አጠገብ ቢሆን ለመቀየር ይቀላል ባይ ነው። ፊውዝ የሚጠብቀው መብራቱን ሳይሆን ገመዱን ነው። ፊውዙ ገመዱ መጨረሻ ላይ ከሆነ፣ መሀል ላይ ያለው ገመድ ተልጦ ቦዲውን ቢነካ ማን ያስቆመዋል? ባትሪው እስኪያልቅ ወይም ገመዱ እስኪነድ ድረስ ይሄዳል።

ሐሳቤ ባሩ ከረጅሙ መብራት ጋር አብሮ እንዲበራ፣ አጭር ስመልስ አብሮ እንዲጠፋ ነው። ለብቻው ማብሪያ ቢኖረው፣ እሱን ፈልጌ እስካጠፋው ድረስ ከፊት ለፊት የሚመጣው ሰው ዓይኑ ሊጠፋ ነው። ስለዚህ 86ን ከግራው መብራት የረጅም ገመድ ላይ ቀጠልኩ፣ 85ን ቦዲው ላይ። ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚሠራው። መሸ፣ ዝናብ መጣ፤ ሳልሞክረው ገባሁ።

ሐምሌ 16፣ ማክሰኞ

ልጄ ፊት ለፊት ቆማለች፣ እኔ መሪው ጋ ነኝ። አጭር መብራት አበራሁ። ባሩ ቦግ አለ። ረጅም አደረግኩ። ባሩ ድርግም።

«አባዬ፣ ተገልብጧል!»

ገመዶቹን አገላበጥኩ፣ ሪሌውን ቀየርኩ (ሁለተኛው ሪሌ 150 ብር፤ የመጀመሪያው ምንም አልነበረውም)። ያው ነው። አጭር ሲሆን ይበራል፣ ረጅም ሲሆን ይጠፋል። መለኪያውን በረጅሙ ገመድ ላይ ሳደርግ ረጅሙ ጠፍቶ እያለ 12 ቮልት ያሳየኛል፤ ረጅሙን ሳበራ ዜሮ። አንድ ሰዓት ሙሉ መለኪያዬን ስጠረጥር ቆየሁ።

ሐምሌ 18፣ ሐሙስ

ጎረቤታችን ያሉ ጡረታ የወጡ የመኪና ኤሌክትሪሻን ዘንድ ሄድኩ። ነገሩን ሳልጨርስ ሳቁ።

«ቶዮታ እኮ ናት፤ አሮጌ ቶዮታ። ፖዘቲቩን ለአምፖሉ ሰጥታ ትቀመጣለች። መሪህ ሥር ያለው ማንሻ የሚያገናኘውና የሚቆርጠው ማሳውን ነው።»

«ታዲያ ጋሼ፣ 12 ቮልት ለምን አየሁ?»

«በአምፖሉ ክር አልፎ መጥቶ ነዋ። ረጅሙ ማሳ እስኪያገኝ ድረስ ገመዱ ላይ የቆመው ፖዘቲቭ ነው። አንተ ደግሞ ሪሌህን እሱ ላይ ሰቀልከው።»

(ማሳ ስል ድንች የሚዘራበትን አይደለም። መካኒኮቻችን ከጣሊያን የወሰዱት ቃል ነው፤ የባትሪው ኔጌቲቭ በቦዲው በኩል የሚመለስበት መንገድ።)

ነገሩ ሲገባኝ ራሴን ነው የታዘብኩት። የአምፖሉ ሦስት እግሮች አንዱ የጋራ ነው። እኔ የጋራው ማሳ ነው ብዬ ነበር የገመትኩት። በዚህች መኪና የጋራው ፖዘቲቭ ነው፤ አጭርና ረጅም እየተፈራረቁ የሚያገኙት ማሳን ነው። ሪሌ ደግሞ ለመቀስቀስ ከአንድ አምፔር እጅግ ያነሰ ነው የሚፈልገው፤ በጠፋ አምፖል ክር ውስጥ የሚያልፈው ይበቃዋል። ክሩ እንኳ አይቀላም።

መፍትሔው 85ን ወደ ረጅሙ ገመድ ማዞር፣ 86 ላይ ፖዘቲቭ መስጠት ነው። እዚህም ላይ ጋሼ አስቆሙኝ። እኔ ፖዘቲቩን ከቁልፉ ልወስድ ነበር። «የፊት መብራቱ ጠፍቶ ቁልፉ ክፍት ሲሆን ምን እንደሚሆን አስብ» አሉኝ። አሰብኩ፣ በወረቀት ሣልኩት። ጅረቱ በሪሌው አልፎ፣ ወደ ረጅሙ ክር ገብቶ፣ በጋራው እግር ወደ አጭሩ ክር ዞሮ፣ ማሳ ያገኛል። መብራት ሳላበራ ባሩ ቦግ ይልልኝ ነበር። ስለዚህ 86ን ከራሱ ከአምፖሉ የጋራ እግር ላይ ወሰድኩት፣ መሀል ላይ የዳሽቦርድ ማብሪያ አስገብቼ። ረጅሙ እስካልበራ ድረስ የሪሌው ሁለት እግሮች እኩል ይቆማሉ፤ እኩል ከሆኑ የሚሄድ ነገር የለም።

ሞከርኩ። አጭር፣ ጨለማ። ረጅም፣ ቦግ። ልጄ አጨበጨበች። ጋሼ ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ሄዱ።

ሐምሌ 20፣ ቅዳሜ

ይበራል፣ ግን ይንቀጠቀጣል። ሞተሩ ሲዞርና ፍሬቻው አብሮ ሲበራ ባሩ ከፍሬቻው ጋር ይደንሳል።

ባትሪው ላይ 13.8 ቮልት አለ፤ ባሩ ጫፍ ላይ 11.6። ሁለት ነጥብ ሁለት ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። የት? እንዲህ ያለውን ሌባ ለማግኘት ቀላሉ መንገድ ሁሉም ነገር በርቶ እያለ በየመንገዱ ግማሽ መለካት ነው። አንዱን የመለኪያ እግር ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን ባሩ ፖዘቲቭ ላይ፦ 0.3። ገመዴ፣ ፊውዜ፣ ሪሌዬ ንጹሕ ናቸው። ከባሩ ኔጌቲቭ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ፦ 1.9። ተያዘ።

ፓራውልቱ የታሰረው ሻሲው ላይ ነው። ሻሲውና ቦዲው ደግሞ በጎማ ነው የተለያዩት፣ ሞተሩም በጎማ ላይ ነው የተቀመጠው። እኔም ራሴ አንቲረስት ሁለት ጊዜ ቀብቼበታለሁ። ማሳውን ከፓራውልቱ አንስቼ ኮፋኖው ሥር፣ ፓራፋንጎው ውስጠኛ ጎን ላይ አዛወርኩት፤ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፍቄ፣ ከታሰረ በኋላ ግራሶ ቀብቼ። መለኪያው ወደ 1.1 ወረደ። ይሻላል፣ ግን አሁንም ብዙ ነው።

እዚህ ላይ ቆም አልኩ። ቦታው ንጹሕ ነው፣ ገመዱ አዲስ ነው። ታዲያ 1.1 ቮልት ከየት መጣ? መለኪያውን ከባዶ ቦዲው ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ አደረግኩት፤ ከባሩ ጋር ምንም ግንኙነት ሳይኖረው። ያው 1.1!

ከባትሪው ኔጌቲቭ ሁለት ገመድ ይወጣል። ወፍራሙ ወደ ሞተሩ ይሄዳል፤ ሞተሪኖው ሁልጊዜ በደንብ የሚዞረው ለዚያ ነው፣ እኔም ባትሪውን ጠርጥሬው የማላውቀው ለዚያው ነው። ቀጭኑ ወደ ቦዲው ነው የሚሄደው። ቀጭኑን ፈታሁት። ከላይ ሲያዩት ጤነኛ ነው። ሽፋኑን በምላጭ ስሰነጥቀው ግን ውስጡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል፤ በእጄ ይዤው ተበጠሰ። መብራቱ፣ ፍሬቻው፣ ራዲዮኑ፣ የዝናብ መጥረጊያው፣ የዚህች መኪና ነገር ሁሉ የሚመለሰው በዚህ ክር ነበር። ስንት ዓመት እንዲህ እንደሄደች እንጃ።

ባለ 16 ስኩዌር ገመድ፣ ሁለቱም ጫፉ ላይ በደንብ የተጨመቀ ጫማ (ገመዱ በቡሎን የሚታሰርበት የጫፍ ብረት)፣ 280 ብር። አሰርኩት። መለኪያው 0.08 አለ።

ባሩን ለማየት ሞተር አስነሳሁ። መጀመሪያ አጭሩን መብራት ነበር ያበራሁት፤ ልጄ ከውጭ ጮኸች፦ «አባዬ፣ አምፖል ቀየርክ እንዴ?»

አልቀየርኩም። አምፖሉ ላይ ቀድሞ 11.6 ነበር የሚደርሰው፤ አሁን 12.6። አንድ ቮልት ናት። ግን የሃሎጅን አምፖል ከቮልቴጁ ይልቅ ብርሃኑ ነው ፈጥኖ የሚወርደው፤ ቮልቴጁ በ8 ከመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ ሩብ ያህል ያጣል። ኩራዝ ናቸው ብዬ የሰደብኳቸው መብራቶች ደህና ነበሩ፤ ኩራዝ ያደረጋቸው የተበላው ገመድ ነው። ፍሬቻ አበራሁ። ዳሽቦርዱ ዝም አለ። አባቴ አመል ያለው ነገር የ280 ብር ገመድ ነበር።

ሐምሌ 23፣ ማክሰኞ

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሳሁ፣ 12 ኩንታል ጭኜ። ከከተማው ወጥቼ ሜዳው ላይ መንገዱ ቀጥ ሲልና ሰው ሲጠፋ ባሩን ከፈትኩ። እንዲያው ልዋሽ አልችልም፣ ያምራል። የመንገዱ ዳርና ዳር ያለው ቦይ፣ ከቦይው ወዲያ ያለው የገብስ ማሳ (ይኼኛው እውነተኛው ማሳ ነው) ሁሉ ወለል ብሎ ታየኝ። ሁለት ጅብ መንገድ ሲያቋርጡ ከሩቅ አየኋቸው። አህያ የሚነዳ ሰው ቢኖር ጥሩንባ ሳያስፈልገኝ ነበር የምቆምለት።

ጣርማ በር ስደርስ ጉሙ ተቀበለኝ። ባሩ በርቶ ነበር፣ ገባሁበት፤ ነጭ አንሶላ ፊቴ ላይ የተዘረጋብኝ መሰለኝ። መንገዱ ጠፋ፣ መስመሩ ጠፋ፣ የራሴ ኮፋኖ ብቻ ቀረ። ወዲያው አጭር አደረግኩ፤ ባሩ አብሮ ጠፋ፤ መንገዱ ተመለሰ። የጋሼ ሪሌ እዚያች ቅጽበት ላይ ዋጋዋን ከፈለች።

ጉም ትናንሽ የውሃ ጠብታ ነው። እያንዳንዱ ጠብታ የደረሰበትን ብርሃን በየአቅጣጫው ይበትናል፤ ወደ አንተም ይመልሳል። ብዙ በሰጠኸው ቁጥር ብዙ ይመልስልሃል። ሰው «ቢጫ ቢሆን ያልፍ ነበር» ይላል። የጉም ጠብታ ከብርሃን ሞገድ ጋር ሲተያይ በጣም ትልቅ ስለሆነ ነጩንም ቢጫውንም እኩል ነው የሚበትነው። ቢጫው ዓይን ላይ ቀለል ሊል ይችላል፤ ቁም ነገሩ ግን መብራቱ ዝቅ ብሎ መቀመጡና ወደ ላይ የሚረጨው ብርሃን መቆረጡ ነው። የኔ ባር ዝቅ ብሏል፣ ግን ወደ ላይ የሚረጨውን የሚቆርጥለት ነገር የለውም።

እስከ ደብረ ሲና በአጭር መብራት፣ በሁለተኛ ማርሽ ወረድኩ። አጭሩ በቂ ነበር።

ነሐሴ 2፣ ሐሙስ

ጥቃቅን ነገሮች። ባሩ ሲበራ ራዲዮኑ «ሽሽሽ» ይል ነበር፤ የባሩ ገመድ ከአንቴናው ገመድ ጋር ተጠግቶ ስለሄደ ነው። አለያየኋቸው፣ ቀነሰ፤ ጨርሶ አልጠፋም፣ በ1,900 ብር ባር ከዚህ በላይ አልጠብቅም። ግድግዳ ላይ በኖራ መስመር አስምሬ ባሩን ትንሽ ወደ ታች አዘነበልኩት። የግራው ክዳን ውስጥ ጤዛ የለም፤ ሲሊኮኑ ይዟል።

ነሐሴ 9፣ ሐሙስ

ከሦስት ጉዞ በኋላ ቁልፍ ይዤ ሥሯ ገባሁ። ከአራቱ ቡሎን አንዱ ግማሽ ዙር ላልቷል። ሁሉም ላይ ስፕሪንግ ሮንዴላ ጨመርኩ። ማሳው ላይ ለካሁ፦ 0.08፣ አልተነቃነቀም። ባለቤቴ ከአሮጌ ሸራ ለባሩ ሽፋን ሰፍታለታለች፤ ቀን ቀን ከተማ ውስጥ ለብሶ ይውላል። ለቦሎ ምርመራ ስሄድ ደግሞ አራት ቡሎን ፈትቼ ቤት ትቼው እሄዳለሁ።

የቀኝ የኋላ ፍሬን መብራት ደብዘዝ ያለ ይመስለኛል። ነገ መለኪያውን ይዤ ከማሳው እጀምራለሁ።